ሙዝ በቃኝ

የእህቴን ልጅ «ዳኛዋ» ያልኳት እኔ ነኝ። ገና በጨቅላነቷ ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋ፣ እነዚያን ትልልቅ ዓይኖቿን ሰው ላይ ተክላ ስታይ፣ ሰው ያላጠፋውም ጥፋት ትዝ ይለው ነበር። ለቀልድ ያወጣሁት ስም ቤተሰቡ ተቀበለውና እዚያው ቀረ።

ስትወለድ አንጎሏ ለጥቂት ጊዜ አየር አጥቷል አሉ ሐኪሞቹ። ሐሳቧ ደህና ነው፤ እጅና እግሯ ግን የራሳቸው አመል አላቸው። ያዙ ሲባሉ ይለቃሉ፣ ልቀቁ ሲባሉ ይጨብጣሉ። ንግግሯም እንዲሁ ነው። ቃሉ ከአፏ ተጨማዶ ስለሚወጣ ከእናቷ በቀር የሚረዳት የለም። እኔ እንኳ ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያት ኖሬ የምይዘው አንዳንድ ቃል ነው። የቀረውን በግምት እሞላለሁ፤ ግምቴም አብዛኛውን ጊዜ ገደል ይገባል።

እናቷ ታላቅ እህቴ ናት፤ እታለም እላታለሁ። መድኃኒት ቤት ትሠራ ነበር፣ ዳኛዋ ስትወለድ ሥራውን ተወችው። ከዚያ ወዲህ የልጅቷ እጅም፣ እግርም፣ አፍም እሷ ናት። ትምህርት ቤት ስትገባ አብራት ገባች። ከተሽከርካሪ ወንበሩ አጠገብ በርጩማ አስቀምጣ ትውላለች። መምህሩ ሲጠይቅ ዳኛዋ ታጉተመትማለች፣ እታለም ትተረጉማለች፤ ፈተና ሲመጣ ደግሞ ዳኛዋ ትላለች፣ እታለም ትጽፋለች። እንዲህ እያሉ ሁለቱም ስምንተኛ ክፍል ደረሱ። አንዳንዴ «እታለም፣ አንቺ እኮ ስምንተኛን እየደገምሽ ነው» እላታለሁ። አትስቅም።

ነገር የመጣው አዲሷ ምክትል ርዕሰ መምህርት ሲመጡ ነው። ሴትየዋ ውጤት የሚያነቡ ሰው ናቸው። የዳኛዋን ሲያዩ ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ጣሪያ ነክቷል፣ ጂኦግራፊና ሒሳብ ወለል ላይ ተኝቷል። እታለምን ቢሮ ጠርተው ድሮ ሥራዋ ምን እንደነበር ጠየቋት። እሷም ምንም ሳትጠረጥር፣ እንዲያውም በኩራት፣ መድኃኒት ቤት አለቻቸው። ያን ጊዜ በረጋ አንደበት ነገሯት፦ በማጠቃለያው ፈተና ላይ ዘመድ ለተማሪ መጻፍ አይፈቀድለትም። ልጅቷ ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት በራሷ መንገድ መመለስ እንደምትችል ካሳየች ትፈተናለች። ካላሳየች ክፍል ውስጥ ተቀምጣ መስማት ትችላለች፤ መፈተን ግን አትችልም። ካልተፈተነች ደግሞ ዘጠነኛ ክፍል የሚባል ነገር የለም።

እታለም ከዚያ ቢሮ ወጥታ በቀጥታ የመጣችው እኔ ሱቅ ነው። ሱቄ በፎቶ ኮፒ ቤትና በጫማ ጠጋኝ መሃል የተሰነቀረች ጠባብ ክፍል ናት። ስልክ፣ ሬዲዮ፣ ፕሪንተርና ኮምፒውተር እጠግናለሁ። መደርደሪያዬ ባለቤቶቻቸው ተስፋ በቆረጡባቸው ማውሶችና ኪቦርዶች የተሞላ ነው፤ ዕቃ ለመጣል አንጀቴ አይችልም። እታለም በሩ ላይ ቆማ «ልጄን ሊያስቀሩብኝ ነው» ስትለኝ ቆሽቴ አረረ። እዚያው ተነስቼ ሄጄ ለምክትሏ ልክ ልካቸውን ልነግራቸው ነበር።

«ስድብሽን ለሌላ ቀን አቆዪውና አንድ ነገር ሥሪልኝ» አለችኝ እህቴ።

ምን እንደምሠራ ግን አላወቅሁም። የትምህርት ቤቱን የኮምፒውተር መምህር አውቀዋለሁ፤ ፕሪንተራቸው በተበላሸ ቁጥር የሚጠራኝ እሱ ነው። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው እስኪጨርስ የሚጠብቅ ወጣት ነው፤ ከእኔ ጋር ሲሆን ብዙ ይጠብቃል። ሄጄ ነገሩን ስነግረው አንዱን ኮምፒውተር ከፈተና እዚያው ውስጥ በነፃ የተቀመጡ ነገሮችን ያሳየኝ ጀመር። ዓይኑ ለደከመ ፊደል የሚያጎላ አለ። ለማያይ ጮክ ብሎ የሚያነብ አለ። ሁለት ቁልፍ በአንድ ጊዜ መጫን ለማይችል የመጀመሪያውን ይዞ የሚጠብቅለት አለ። የሰው ኮምፒውተር ስከፍትና ስዘጋ ስኖር እነዚህን አንድ ቀን እንኳ ነክቼ አላውቅም። አፈርኩም፣ ተገረምኩም። ይህስ ምን ያደርጋል፣ ያስ ለማን ነው እያልኩ ስጠይቅ ተማሪዎቹ ክፍሉን ፈልገው በር ላይ ተሰለፉ።

ለዳኛዋ የሚሆናት ሌላ ፕሮግራም ነው፤ እሱም በነፃ ይገኛል። ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይ በመደዳ በመደዳ ይቀመጣሉ። ብርሃን ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ ይወርዳል። የሚፈለገው መደዳ ላይ ሲደርስ አንዴ መጫን ነው። ከዚያ ብርሃኑ በዚያ መደዳ ላይ ወደ ጎን ይሄዳል፤ የሚፈለገው ፊደል ላይ ሲደርስ ደግሞ መጫን ነው፣ ፊደሉ ይጻፋል። የኛ ፊደል ገበታ ድሮውኑ እንዲህ በመደዳ የተሰደረ ስለሆነ ሲያዩት ለዚሁ የተሠራ ይመስላል።

«የሚያስፈልጋት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው» አለኝ መምህሩ። «ግን ሰውነቷ ላይ ሁሌ የሚታዘዛት አንድ ቦታ ማግኘት አለብሽ። የትም ይሁን፤ አንድ ይበቃል።»

የፋብሪካውን ቁልፍ ኢንተርኔት ላይ አየሁት። ክብ፣ ቀይ፣ የሚያምር ነገር ነው። ዋጋውን ሳነብ ግን ሳቄ መጣ፤ ውስጡ ያለው እኮ ከበር ደወል አይበልጥም። ስለዚህ የበር ደወል አመጣሁ። አንድ የተጣለ ማውስ ፈትቼ የግራ ቁልፉን ሽቦ ከደወሉ ጋር በየድኩት፣ ላዩ ላይ የቅባት ዕቃ ክዳን አደረግሁበት፣ እንዳይጎዳት ዙሪያውን በስፖንጅ ሸፈንኩት። ላፕቶፕ ደግሞ አንድ ደንበኛ ጥሎት የሄደ ነበረኝ። ባትሪው ስለሞተ ግድግዳ ላይ ካልተሰካ ዓይኑን አይገልጥም፤ ሲሰካ ግን ይሠራል።

ቁልፉ ሠራ፤ የሚታዘዝ ቦታ ግን ጠፋ። መጀመሪያ ቀኝ እጇን ሞከርን። ዳኛዋ አንድ ነገር አጥብቃ ስትፈልግ ሁለመናዋ ይገተራል። ብርሃኑ የምትፈልገው መደዳ ላይ ሲደርስ እጇ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሲያልፍ ደግሞ ክዳኑ ላይ ደጋግሞ ይወድቃል። ግራ እጇም ያው ነው። ክርኗን፣ አገጯን፣ የእግሯን አውራ ጣት ሞከርን። ለአገጯ የሚሆን ማቆሚያ ከአሮጌ የመብራት እግር ሠርቼላት ነበር፤ በጣም ኮርቼበት ነበር፤ አፍንጫዋን መታት። እታለም ከኋላ ቆማ «አሁን፣ አሁን፣ አይዞሽ» ባለች ቁጥር ልጅቷ ይብስ ትገተራለች። እኔም ነገረ ሥራዬ ስላልሰመረ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። ዳኛዋ ሁለታችንንም በዚያ ዓይኗ ታየናለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተር መምህሩ ነገሩ የት እንደደረሰ ሊያይ ቤታቸው መጣ። እኔ ገመዱ ሰው እንዳይጥል በፕላስተር ላጣብቅ ምግብ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክኬ ነበር። ከላይ ጨዋታቸውን እሰማለሁ። መምህሩ ዳኛዋን የትኛውን ትምህርት እንደምትወድ ጠየቃት። ዳኛዋ አንድ ነገር አለች። እታለም «ባዮሎጂ ትወዳለች፤ እንደ እኔ መድኃኒት ቤት መሥራት ነው ሐሳቧ» ብላ ተረጎመች። በዚህ መሃል አጠገቤ «ቋ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። የዳኛዋ ግራ ጉልበት የወንበሩን የጎን ብረት መታው።

እታለም ሙዝ ልጣ በማንኪያ ትደቁስ ጀመር። ሙዝ ለልጅቷ ነፍሷ እንደሆነ ለመምህሩ ነገረችው። ቋ።

ከጠረጴዛው ሥር አንገቴን አውጥቼ ምንድነው የሚመታው አልኳት። እህቴ ቀና እንኳ ሳትል ስትደሰት ነው አለችኝ፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስትደሰት እግሯ እንዲህ ይመታል። መምህሩ ፈገግ አለ። እኔም እሺ ብዬ ወደ ፕላስተሬ ተመለስኩ።

ነገሩ ግን ከነከነኝ። ያን ቀን መምህሩ ቀልድ ቀልዶ ዳኛዋ ከልቧ ስቃለች፤ ጉልበቱ አልተንቀሳቀሰም። ድመቷ ጭኗ ላይ ስትወጣ ደስ ብሏታል፤ ጉልበቱ አልተንቀሳቀሰም። የመታው እታለም ስትናገር ብቻ ነው። ሱቅ ገብቼ የሰው ስልክ ፈትቼ ቁጭ ብዬ እንኳ የማስበው ያንን ጉልበት ነበር። አላስቆም አላስቀምጥ ሲለኝ በማግስቱ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ሄድኩ። እታለምን ልብስሽን ከልብስ ሰፊው ጋ ሄደሽ አምጪ፣ እኔ ከዳኛዋ ጋር እቆያለሁ ብዬ ከቤት አስወጣኋት።

ከዳኛዋ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። «ዛሬ ጥርስሽን በሙሉ ላስነቅልሽ ነው» አልኳት።

ቋ።

በጥርስ መነቀል የሚደሰት ሰው አላየሁም። «እናትሽ ታላቅ እህቴ ናት» አልኩ። ጉልበቱ ዝም። «ዛሬ ዝናብ እየዘነበ ነው» አልኩ፤ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ ተሰጥታ ነበር። ቋ። «በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ቆንጆዋ እኔ ነኝ» አልኩ። ቋ፣ ቋ። ሁለቴ መታችው፣ ከዚያም ትንፋሽ እስኪያጥራት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄን ግን አልጨረስኩትም። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይደለም ስትል ኖራለች፤ እኛ ደስ አላት እያልን እንስማት ነበር።

ወዲያው ገባኝ። እጇ የማይታዘዛት ሁላችንም አፍጥጠን ስለምንጠብቀው ነው። ጉልበቷን ግን ማንም ምንም ጠይቆት አያውቅም፣ ማንም አላየውም፤ ስለዚህ ለብቻው ነፃ ሆኖ ኖረ። ቁልፉን ነቅዬ ከወንበሩ የጎን ብረት ጋር፣ ጉልበቷ በሚያርፍበት ልክ አሰርኩት። ላፕቶፑን ሰካሁ፣ ብርሃኑን ለቀቅሁትና ዞሬ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ። እሷን ማየት አልነበረብኝም፤ አንገቴ ግን እየዞረ አስቸገረኝ።

ጠቅ። ቆየ። ጠቅ።

ብዙ ጊዜ ወሰደባት። አንዱን ፊደል ስታልፈው ብርሃኑ ዞሮ እስኪመጣ ትጠብቃለች። ልረዳሽ ልል አፌ ድረስ የመጣውን መለስኩት። እታለም ልብሷን በክንዷ ይዛ ስትገባ ስክሪኑ ላይ ሁለት ቃል ነበር። ቀረብ ብላ አነበበችው።

«ሙዝ በቃኝ» ይላል።

እህቴ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ የምሳ ሳህኑ ላይ የቀረውን ሙዝ አየች፣ ልጇን አየች፣ እኔን አየች። ስለ ጉልበቱ የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ተቀመጠች። ልብሱ ከክንዷ ላይ ወደቀ፣ አላነሳችውም። «ሁልጊዜ እኮ ነው የምትበላው» አለች በመጨረሻ። በእርግጥ ትበላለች፤ አፏ ውስጥ ሲገባ ምን ታድርግ?

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ዳኛዋ መጻፍ ለመደች። የኮምፒውተር መምህሩ መደዳዎቹን ብዙ ከምትጠቀምባቸው ፊደሎች እንዲጀምሩ አድርጎ አስተካከለላት፤ እሷም ብርሃኑ ፈጠን ይበል ብላ ራሷ ጻፈችለት። በየቀኑ አዲስ ነገር እንሰማለን፤ እኔ ከሱቅ ወደዚያ የምሄደው እየሮጥኩ ነበር። ቢጫው ሹራብ ይቆጠቁጣል። የጎረቤቷ ልጅ ጓደኛዋ አይደለችም። ባዮሎጂ አትወድም፤ የምትወደው ካርታ ነው። ወንዝ ከየት ተነስቶ የት እንደሚገባ፣ በረሃ ለምን እዚህ ሆኖ እዚያ እንዳልሆነ ማወቅ ትፈልጋለች። ካርታ የምትወድ ልጅ እቤታችን እንዳለች ማንኛችንም አናውቅም ነበር። እንግዳ ሰው የመጣብን ያህል ሆነብኝ፤ ከሷ ጋር እንደ አዲስ ተዋወቅሁ።

እታለም ላይ ግን ሰማይ ተደፋባት። ማሽኑ ይሳሳታል ማለት ጀመረች። ጉልበቷ ሳታስበው ነው የሚመታው፤ ልጄን የማውቃት እኔ ነኝ፤ ያንቺ ሽቦ ነው የሚያወራው አለችኝ። እኔም አፌን መያዝ አላውቅም፤ ሽቦ ሙዝ አይጠላም አልኳት። ተኳረፍን። እሷ ወጥ ቤት ስትሆን እኔ ሳሎን፣ እኔ ወጥ ቤት ስገባ እሷ ጓዳ ሆነ። አሳዘነችኝ፤ ግን አልነገርኳትም። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው ሥራ አንድ በአንድ ፊቷ እየፈረሰ ነበር፣ አፍራሹ ደግሞ የእኔ የበር ደወል ነው።

ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ምክትሏ ማሽኑን መጥተው አዩ። ብዙ ጠየቁ፤ ቁልፉን በጣታቸው ተጭነው የገዛ ስማቸውን ለመጻፍ ሞከሩ፣ አልቻሉም፣ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ወደድኳቸው። ከዚያ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ከሁሉም ትምህርት የተውጣጡ ጥቂት ጥያቄዎች ይዘጋጃሉ። ዳኛዋ በኮምፒውተር ክፍል በማሽኗ ትሠራለች፣ እናትየዋ ደግሞ በዚያው ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጣ ያንኑ ጥያቄ በወረቀት ትሠራለች። እታለም ሳታንገራግር ተስማማች። ፈተናው ቀን ጠዋት ኩርፊያችንን ረስታ እጄን ያዘችኝ።

«ታያለሽ፣ አንድ ዓይነት ነው የምንመልሰው» አለችኝ። «በየክፍላችን ሆነን አንድ ዓይነት ስንመልስ፣ የጻፍኩት ሁሉ የሷ እንደነበር ያኔ ያምናሉ።»

አሳዘነችኝ ብዬ የለ፤ ያን ጊዜ ደግሞ አንጀቴን በላችው። ምክንያቱም እኔ የምፈራው ሌላውን ነበር። ዳኛዋ በራሷ ስትሠራ ምን ያህል እንደምታውቅ ማንም አያውቅም፤ እኔም አላውቅም። ደብተሯ ላይ ያለው ውጤት የማን እንደሆነ እንጃ። ወድቃ ብትገኝስ?

እታለም ቶሎ ጨርሳ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አጠገቤ ተቀመጠች። በኮምፒውተር ክፍሉ በር በኩል ጠቅታው ይሰማል፤ አንዴ ጠቅ፣ ረጅም ዝምታ፣ ደግሞ ጠቅ። እህቴ በሩ ላይ አፍጥጣ ጣቶቿን ታፍተለትላለች። አንዱ ዝምታ ሲረዝምባት «ይሄን አላወቀችውም» አለች በሹክሹክታ። እኔም በምን አወቅሽ አልኳት።

«ስጽፍላት እንዲህ ዝም ስትል አውቃለሁ» አለች። «ዓይኗን አያለሁ። ታውቀዋለች፣ አፏ ነው ያሳሳታት እላለሁ። ከዚያ አስተካክዬ እጽፈዋለሁ። ተሳስታ እያየሁ እንዴት ልለፈው?»

እጇን ያዝኩ። ያን ጊዜ ምን ስታደርግ እንደኖረች ለራሷም የታወቃት መሰለኝ።

ፈተናው ሲያልቅ የዳኛዋን መልስ በፕሪንተር አተምንና ላፕቶፑን ነቅዬ አጠፍኩትና ሁላችንም ምክትሏ ቢሮ ገባን። ሴትየዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጠው ጊዜ ወስደው አነበቡ። የእታለም ባዮሎጂና ኬሚስትሪ አንድም እንከን የለበትም። የዳኛዋ ግን አለበት። ምግብ መፈጨት የሚጀምረው የት ነው ለሚለው እናትየዋ አፍ ብላለች፣ ልጅቷ ጨጓራ ብላለች። እታለም ይህን ስትሰማ ሳታስበው ወደ ልጇ ዞራ ስንቴ ነግሬሽ ማለት ስትጀምር ምክትሏ እጃቸውን አነሱ። ከተራራ ጀርባ ያለው መሬት ለምን ይደርቃል የሚለውን ጥያቄ አነበቡ። እታለም ዛፍ ስለሌለው ብላ ጽፋለች። ከዳኛዋ ወረቀት ላይ ጮክ ብለው አነበቡት፦ «ደመናው ዝናቡን ወዲህ ማዶ ጨርሶ ባዶውን ስለሚሻገር።»

«ይህን ከእናቷ አላገኘችውም» አሉ ምክትሏ። «ጨጓራውንም ቢሆን ከእናቷ አላገኘችውም።»

ጠቅላላ ውጤቷ ከድሮው ብዙ ወርዷል፤ የሚያሳልፍ ግን ነው። በማሽኗ ትፈተናለች፣ ጊዜ ይጨመርላታል፣ የምታመጣው ውጤት ደግሞ ከእንግዲህ የራሷ ብቻ ነው። ደስ ስላለኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝም ነበር። ዳኛዋ ፊቷ በርቷል፤ የተሳሳተችውን ወረቀት ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ሌላ ልጅ በዚያ ውጤት አንገቱን ይደፋ ነበር። እታለምን ለማየት ግን ፈራሁ።

የቀረው አንድ ነገር ነበር። ምክትሏ ወረቀቶቹን ሰብስበው ወንበራቸውን ወደ ዳኛዋ አዞሩ። እስካሁን ሁሉም ሰው ልጅቷን ሲጠይቅ የሚያየው እናትየዋን ነው፤ እሳቸው ዓይናቸውን ከልጅቷ ላይ አላነሱም። እናትሽ ክፍል ውስጥ አጠገብሽ መቀመጣቸውን ይቀጥሉ ወይስ ይቅር፣ የምትወስኚው አንቺ ነሽ አሏት።

ላፕቶፑ ጭኔ ላይ ታጥፎ ነበር። ሶኬት ፍለጋ ዓይኔን ዙሪያውን ላክሁ፤ ያለው አንድ ሲሆን እሱም ከከባዱ ቁም ሣጥን ጀርባ ነው። ልነሳ ስል ዳኛዋ በራሷ አፍ መናገር ጀመረች። ወደ እናቷ ዞራ፣ አንገቷ እየተገተረ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ተናገረች። እኔ የያዝኩት «እማዬ» የሚለውን ብቻ ነው። ስትጨርስ ሁላችንም እታለምን አየናት።

የፈለገችውን ልትል ትችል ነበር። እዚያ ክፍል ውስጥ ያንን ንግግር የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም። ትቀጥል አለች ብትል ማን ይከራከራታል? እህቴ የአንገት ልብሷን ሳያስፈልግ አስተካከለች። ልጇን ተመለከተች፤ ልጇም ተመለከተቻት።

«ከሰኞ ጀምሮ ክፍል እንዳትገቢ ነው ያለችው» አለች።

ከራሷ እንዳልፈጠረችው ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም ነበር። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ምክትሏ፣ ውጤት እንደሚያነቡት በጥንቃቄ፣ ልጅቷ ከዚህ የረዘመ ነገር የተናገረች እንደመሰላቸው ጠቀሱ።

«ልክ ነው» አለች እታለም። «የቀረው ግን ለእኔ ነው።»

ምክትሏ ራሳቸውን ነቀነቁና ሌላ ሳይጠይቁ ተነሱ። እኔ ግን እንደሳቸው ጨዋ አይደለሁም፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ስጠይቅ ኖሬአለሁ። እታለም ስጠይቃት ፈገግ ትላለች፣ ወሬ ትለውጣለች። ዳኛዋን አንድ ከሰዓት ሙሉ ስነዘንዛት ኮምፒውተሩን ስኪልኝ በሚል ዓይን አየችኝ። ሰካሁላት። ፊደል በፊደል፣ እየጠበቅሁ፣ ልቤ ተሰቅሎ እያለ «አክስቴ አያገባሽም» ብላ ጻፈችልኝ።